ሁለት ጀልባ ከአንድ ደንገል

አየር ጤና መናኸሪያ አካባቢ፣ ወደ ወሊሶና ወልቂጤ የሚወጡት መኪኖች ጭነት ሲያስሩ ቆሜ ማየት እወዳለሁ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ፍራሹን፣ ጄሪካኑን፣ የቆርቆሮ ሳጥኑን ይደረድርና ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ይወረውራል። ጉልበቱን ጭነቱ ላይ ተክሎ ይስባል፣ ይቋጥራል፣ በመዳፉ ነቅነቅ አድርጎ ይሞክራል። ጨረሰ ሲባል ከቋጠሮው በላይ አንድ ዙር ይደግማል። ታች ቆሞ ለሚያይ ያ ዙር ትርፍ ነው። ለምን እንደሚደገም የሚያውቀው መንገዱን የሚያውቅ ነው፤ ጭነት በጉዞ ይረገጣል፣ ሲረገጥ ገመድ ይላላል።

ትርፍ በሚመስል ገመድ ምክንያት የሁለት ጀልባዎች ዕጣ ተለያይቷል። ሁለቱም የተሠሩት ከጣና ደንገል ነው፤ ሁለቱም በጥንታዊቷ ግብጽ የፀሐይ አምላክ ስም “ራ” ተብለዋል። የመጀመሪያው 15 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር፣ ሁለተኛው 12 ሜትር። ትልቁ መንገድ ላይ ቀረ፤ ትንሹ ደረሰ።

ነገሩን የጀመረው ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል ነው። የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ተከራክሮ ብቻ አልተወውም፤ ራሱ ሊሞክረው ተነሣ። ደንገሉን ያገኘው ከእኛ ነው። 12 ቶን ያህል ከጣና ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብጽ ተሻገረ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎችም ጊዛ ላይ፣ ከፒራሚዶቹ አጠገብ፣ ነዶውን ከነዶ አያይዘው ጀልባ አደረጉት። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሰባት አገር የተውጣጡ ሰባት ሰዎች በራ ተሳፍረው ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ሸራቸውን ዘረጉ።

ደንገል በባሕር ውሃ ሁለት ሳምንት አይቆይም ያሉ ነበሩ። ደንገሉ ግን አላሳፈረም፤ ውሃ በጠጣ ቁጥር እያበጠ እስሩን ራሱ አጠበቀው። ችግሩ የመጣው ከጅራቱ ነው። በጥንት የግብጽ መቃብሮች ግድግዳ ላይ የተሣሉት ጀልባዎች የኋላ ጫፋቸው ወደ ላይ ቀና ብሎ ይቆለመማል፤ ከተቆለመመው ጫፍ ደግሞ አንድ ገመድ ወደ ጀልባው ወለል ይወርዳል። የራ ሠሪዎች ገመዱ ቅርጹን ለመያዝ ብቻ የተደረገ መሰላቸው። ጅራቱ ያለ ገመዱም ቀና ብሎ ሲቆም አነሡት፤ መተላለፊያም ይዘጋ ነበር። ባሕሩ ላይ ነው ሥራው የታወቀው፦ ያ ገመድ የጀልባውን ወገብ ከኋላ ደግፎ የሚያነሣ ጅማት ነበር። ሲታጣ የኋላው ክፍል እየዘቀጠ ሄደ። ነፋስ በሚመታው ጎን ደግሞ ጀልባው ላይ ያለው ጎጆ በማዕበል እየተወዛወዘ ገመዶቹን ሞረዳቸው፤ ነዶዎቹም አንድ በአንድ ተፈትተው ሄዱ። ራ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የካሪቢያን ደሴቶች ሲቀርቡ ተሳፋሪዎቹ ትተውት ወጡ።

ጥፋቱን በቻድ ሠሪዎች ላይ መጣል ግፍ ይመስለኛል። በሐይቃቸው የሚሠሩት ጀልባ ኋላው ደፍጣጣ ነው፤ ጅራት የለውም። የሚያውቁትን በሚገባ አሰሩ። የማያውቁትን የጠየቃቸው ሥዕሉ ነው። ሥዕል ደግሞ ገመዱ የት እንደታሰረ ያሳያል እንጂ ለምን እንደታሰረ አይናገርም።

ሄየርዳል በዓመቱ ተመለሰ። አሁን ያስጠራቸው በደቡብ አሜሪካ ከቲቲካካ ሐይቅ አራት የአይማራ ሰዎችን ነው። የእነርሱ ጀልባ ከፊትም ከኋላም ቀና ያለ ነው፤ አባቶቻቸው ሲያስሩት የኖሩት ይህንኑ ነው። ብዙ ትንንሽ ነዶ በማያያዝ ፈንታ ሁለት ትልልቅ ጥቅሎችን ከመሐል ካለ ቀጭን ጥቅል ጋር በረጅም ገመድ እያዞሩ አጣበቋቸው፤ ውጥረቱ ከፊት እስከ ኋላ የሚናበብ ሆነ። ዳግማዊው ራ ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከዚያው ከሳፊ ተነሥቶ በ57ኛው ቀን፣ ሐምሌ 5፣ ባርቤዶስ ገባ። ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮንቲኪ ሙዚየም ተቀምጧል።

ማነሱ አይደለም ያሻገረው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስባቸው ልዩነታቸው አሳሳሪያቸው ላይ ነው፤ ከአሳሳሪያቸውም በላይ ያሰራቸው እጅ ልማድ ላይ። ግብጽ ውስጥ ሥዕሉ ሺህ ዓመታትን ተሻግሮ ደረሰ፤ እጁ ግን ጠፋ። ቲቲካካ ላይ እጁ ሥራ አልፈታም።

ከዚያው ደንገል የሚታሰረው የጣና ታንኳም ዕድሜው አጭር ነው። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ቀዛፊው ከሐይቁ ዳር ጎትቶ ያወጣዋል፣ አቁሞ ፀሐይ ያስመታዋል፣ ደግሞ ያስገባዋል። ጥቂት ወራት ሠርቶ ይበሰብሳል፤ ሌላ ይታሰራል። አንዱ ትንሽ ሆኖ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ይበቃል፤ ሌላው ሰፋ ብሎ የማገዶ ጭነት ከዘጌ ባሕር ዳር ያደርሳል። ዛሬ ባሕር ዳር ጎብኚ የሚያመላልሱ የብረትና የፋይበር ግላስ ጀልባዎች አሉ። የፋይበር ግላሱ ከቅርጽ ውስጥ አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል፤ ገመድ አይፈልግም፣ በየጊዜው ፀሐይ አይናፍቅም፣ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ሞተር ያለውን ጀልባ ትቶ በደንገል ተሳፈር ብሎ ቀዛፊውን መምከር ከዳር ለቆመ ሰው ይቀላል፤ ማዕበል ሲመጣ ግን የሚሰጥመው መካሪው አይደለም።

እንዲያም ሆኖ የታንኳው ድክመት ያቆየለት ነገር አለ። ቶሎ የሚበሰብስ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይታሰራል፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚታሰር ታንኳ የሚያስረው የጣና ወይጦ ለልጁ አስተሳሰሩን ለማሳየት ሩቅ ቀን አይጠብቅም። ልጁ የማይገባው ገመድ ቢያጋጥመው ለምን ብሎ የሚጠይቀው አባት አጠገቡ አለ። የራ ሠሪዎች ያጡት እንዲህ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ታንኳን እናቆይ ስንል አንድ ጥሩ ታንኳ መርጦ ሙዚየም ማስገባት ካሰብን ነገሩ አልገባንም፤ የሚቆየው ደንገል የሚያጭድና ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ የሚያስር ሰው እስካለ፣ ሥራውም እስካበላው ድረስ ነው።