ዱላውን አስቀምጡ፣ ሳሙና አምጡ

ልጆቼ፣ በተጣሉ ጎረቤታሞች መሃል ብዙ ተቀምጫለሁ። የድንበር ጠብ ዳኝቻለሁ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ጠብ ዳኝቻለሁ፣ የዶሮ ሳይቀር። እንደ ውሻ ንክሻ ግን ደህናውን ሰው በአንድ አፍታ እብድ የሚያደርግ ነገር አላየሁም። አልፈርድበትም። ልጁ እየደማ ሲገባ ማን ረጋ ብሎ ያስባል?

ወልቂጤ፣ እኛ ሰፈር የሆነውን ልንገራችሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጎረቤት ውሻ በተከፈተ በር ወጥቶ ባቷን ነከሳት። አባቷ ብረት ይዞ እየጮኸ ወጣ። የውሻው ባለቤት፣ ብቻዋን የምትኖር መበለት፣ በሯን ቀረቀረች። በዚያው ማታ ውሻውን በሰው አስይዛ ገጠር፣ ወንድሟ ዘንድ ሰደደችው። ጠዋት ስትጠየቅ “የእኔ ውሻ አይደለም” ብላ ማለች። ጤና ጣቢያ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ “ውሻው የት አለ? ተከትቧል?” የሚል ነበር። መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ሦስት ቀን ተመላለስንባት። በአራተኛው ቀን አንዲት የእድር ጓደኛዋ ቡና ላይ አግኝታት ለብቻዋ ስታነጋግራት አለቀሰች፤ “ውሻዬን ገድለው እኔን የሚያሳስሩኝ መስሎኝ ነው” አለች።

ሴትዮዋ ውሸታም አልነበረችም። ውሸቱን ያናገራት ብረቱ ነው።

ውሻው ለምን እንደሚፈለግ ላስረዳችሁ። ለፍርድ አይደለም፣ ለምስክርነት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ልጋጉ የሚደርሰው አንጎሉን ከያዘ በኋላ ነው። ስለዚህ በነከሰበት ሰዓት ልጋጉ የተበከለ ውሻ አይሰነብትም፤ በ10 ቀን ውስጥ በሽታው ይገለጥበታል ወይም ይሞታል። 10ሩን ቀን ታስሮ እየበላና እየጠጣ ጤናማ ከሆነ ሐኪሙ የተጀመረውን ክትባት ሊያቆመው ይችላል። በንዴት ገድላችሁ ወንዝ ከጣላችሁት ግን ምስክራችሁን አጠፋችሁ፤ ጭንቅላቱን እንኳ ለምርመራ መላክ አይቻልም። ታዲያ “10ሩን ቀን እንይና እንከተባለን” እንዳትሉ። ክትባቱም ውሻውን መከታተል በሚጀመርበት ቀን ይጀመራል። ልጋጉን እያዝረከረከ ያገኘውን ሁሉ የሚለክፍ ውሻ ከሆነ ደግሞ ልያዘው ብላችሁ አትጠጉት፤ ለቀበሌና ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቁስሉ ይታጠብ። በሳሙናና በሚፈስ ውሃ፣ 15 ደቂቃ ሙሉ። ይህን ስናገር የወልቂጤ ልጆች ይስቁብኛል፤ “አባባ፣ ውሃው የት አለና ነው የሚፈሰው?” ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ከተማችን በውሃ እጦት ስንት ዘመን ተንገላታለች! ቢሆንም ከጀሪካን በጆግ እየቀዱ ማንቆርቆር ይቻላል። ለቡና የተቀመጠውም ውሃ ይፍሰስ። የተፈጨ ቡና መነስነስ፣ ቅጠል ጨምቆ ማፍሰስ ይቅር። ጸበልም ዱዓም አልከለክልም፣ ራሴም ጸሎተኛ ነኝ፤ ግን ከጤና ጣቢያ መልስ ይሁን። በሽታው አንዴ ከተገለጠ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ለመገለጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታል። ቁስሉ ደረቀ ብሎ ክትባት የሚያቋርጥ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው።

በእኛ ጊዜ የተነከሰ ሰው “ፓስተር ሂድ” ይባል ነበር፤ አዲስ አበባ ያለው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው ማለት ነው። ከበግ አንጎል የሚሠራው የድሮ ክትባት በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ ስለነበር ወሬው ራሱ ሰው ያሸሽ ነበር። አያቶቻችሁ ያንን እያስታወሱ ቢያስፈራሯችሁ አትስሟቸው። አዲሱ ክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮ ያልቃል።

ወደ ጎረቤት ስትሄዱ የተነከሰው ልጅ አባት አይሂድ። ደሙ እስኪበርድ ቤቱ ይቀመጥ። የእድር ሰው ወይም የውሻው ባለቤት የሚያከብራት ሴት ትሂድ፣ የመጀመሪያ ቃሏም “ውሻህን ልንነካ አልመጣንም፤ እሰረው፣ አብላው፣ ክትባቱን ካስከተብክ ወረቀቱን አሳየን” ይሁን። የገንዘብ ነገር በማግስቱ ይነሳል። የእኛ ጉራጌ፣ ሰባት ቤቱ በየጆካ ቅጫ፣ ክስታኔው በጎርደና ሴራ፣ በየባህላዊ ሕጋቸው ከዚህ የከበደ ነገር ሲፈታ ኖሯል፤ የሕክምናና የትራንስፖርት ወጪ ሽማግሌን አያቅተውም። ሕጉንም እወቁት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071፣ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆን እንኳ ለጉዳቱ ኃላፊው ባለቤቱ ነው ይላል። ስለዚህ ደረሰኝ አትጣሉ። ጎረቤታችሁ አሻፈረኝ ካለ፣ ወይም ያው ውሻ ሌላ ሰው ከደገመ፣ ያኔ ፖሊስ ዘንድ መሄድ ነውር አይደለም። እኔ ራሴ አብሬ ሄጃለሁ።

ውሻ ላላችሁም አንድ ነገር አለኝ። ገጠር ጀፎረው ላይ፣ በመንደሩ ሰፊ የጋራ መንገድ፣ ያደገ ውሻ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ያውቃል፤ ቀን ከልጆች ጋር ይውላል፣ ኃይሉን ለጅብ ያስቀምጣል። ቡታጅራና ወልቂጤ ስንገባ ጀፎረውን ትተን ቆርቆሮ አጠርን። ቡችላውን በአጭር ሰንሰለት አሰርነው፣ “ኃይለኛ እንዲሆን” ብለን አስራብነው፣ ከዚያ ኃይለኛ ሲሆን ደነገጥን። በየዓመቱ አስከትቡት። በተለይ ለመስቀልና ለአረፋ ተጠንቀቁ። ከአዲስ አበባ የመጡትን የልጅ ልጆች ውሻው አያውቃቸውም፤ እነሱም አጥንት ይዞ የተኛ ውሻ እንደማይነካ የነገራቸው የለም። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀንም ብዙ ጊዜ የሚውለው መስከረም 18 ነው፣ በመስቀል ማግስት። ቀኑን የመረጡት የበሽታውን ክትባት የሠራው ሳይንቲስት ፓስተር የሞተበት ስለሆነ ነው፤ ለእኛ አገር ግን አስበው የመረጡት ይመስላል።

የመበለቲቱ ውሻ 10ሩን ቀን በሰላም ጨረሰ። ልጅቷም ዳነች፣ ባቷ ላይ ጠባሳው ብቻ ቀረ። አሁን በዚያ በር ላይ በከሰል የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ። ሴትዮዋ መጻፍ ስለማትችል የጻፈችላት ልጅቷ ናት። “ሀይለኛ ውሻ አለ” ይላል፣ በሃሌታው ሀ። ባለፍኩ ቁጥር ላርመው አስብና እተወዋለሁ።