ለእናትህ ቤት ሶላር ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣ ለእናትህ ቤት ሶላር ልታስገባ አስበህ «ስንት ፓኔል ልግዛ?» አልከኝ። ፓኔሉ ይቆይ። መጀመሪያ እህቴ ማታ ማታ ምን እንደምታበራ ቁጠር። አራት ባለ 7 ዋት አምፖል 5 ሰዓት ቢበራ 140 ዋት-ሰዓት ነው፤ ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥን 4 ሰዓት ቢከፈት 240። ስልክ መሙያውን ጨምረህ 400 ገደማ በለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አታስብ፤ ብቻውን 3000 ዋት ገደማ ይፈልጋል። እንጀራው በማገዶ ይቀጥላል።

እኔን ያከሰረኝ ባትሪው ነው። ርካሽ ነው ብዬ የመኪና ባትሪ ገዛሁ። እሱ እኮ ሞተር ለማስነሳት ለአፍታ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲንጠፈጠፍ አልተሠራም። እኛ ደግሞ ኢንቨርተሩ ባትሪው አለቀ ብሎ እስኪጮህ ድረስ ድራማ እናያለን! ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ለሶላር የተሠራውን ግዛ። የእርሳስ ከሆነ ከግማሽ በታች አታውርደው፤ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የሚለው 1200 ዋት-ሰዓት ቢይዝም የአንተ 600ው ብቻ ነው። ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ ከምድጃውም ከመኝታውም አርቀው። ሊትየም ዋጋው ይከብዳል፤ ግን 80 በመቶውን ሳይጎዳ ይሰጣል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። አቅም ካለህ እሱን ውሰድ። ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላ የሚጠብቀውን ኮንትሮለርም አትዝለል።

አሁን ወደ ፓኔልህ እንምጣ። በበጋ 200 ዋት ይበቃታል። «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚሉ ሰዎች ግን ሐምሌን የረሱ ይመስለኛል። ሒሳብህን በክረምቱ ሥራ፤ ከ300 አታሳንስ። ፀሐይዋ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙረህ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብለው፤ ዝናቡም አቧራውን ይዞት ይወርዳል። ከጓሮው ባሕር ዛፍ ግን ተጠንቀቅ፤ ጥግ ላይ ያረፈች ጥላ የፓኔሉን ጉልበት ከምትገምተው በላይ ትቀንሰዋለች።

ፓኔሉ በበጋ በወር አንዴ፣ ቆርቆሮው ሳይግል በማለዳ፣ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ። እናትህ ግን መሰላል ላይ እንዳትወጣ፤ ጉልበቷን ታውቀዋለህ። የጎረቤቱን ልጅ አሳየው። ለእሷ ደግሞ ኢንቨርተሩ ሲጮህ መጀመሪያ የሚጠፋው ቴሌቪዥኑ መሆኑን ሳትነግራት እንዳትመለስ።