የንክኪ ዋጋ

ባለፈው ክረምት ከአንድ የቆየ ወዳጄ ጋር ተቀያየምን። የተቀያየምነው በ500 ብር ነው። ብሩ ደግሞ የእሱም የእኔም አልነበረም፤ የአንድ ሞባይል ጠጋኝ ነበር። ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል። ከእኔ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም፤ እንዲያውም እያደረ አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ጎትቶ አመጣብኝ። የአንድ ዕቃ ተገቢ ዋጋ ማለት ምን ማለት ነው?

ወዳጄ መምህር ነው፤ ዓይነ ስውር ነው። በልጅነቱ ብሬይል መጻፍ የተማረው በስሌትና በስታይለስ፣ ወረቀቱን ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ነው። አሁን በቦርሳው የምትዞር የመጽሐፍ ቁመት ያላት መሣሪያ አለችው። ከላይ ስታያት ታብሌት ትመስላለች፤ ታች ስክሪን አላት። ከፊቷ ጠርዝ ላይ ግን እንደ ሰሊጥ ፍሬ የደቀቁ ነጥቦች ብቅ ጥልቅ የሚሉባት አንዲት መስመር አለች። ወዳጄ ጣቶቹን በስክሪኑ ላይ አሳርፎ ብሬይል ይጽፋል፤ የጻፈውን በነጥቦቹ ላይ በጣቱ እየዳሰሰ ያነባል። የተማሪዎቹ ውጤትም፣ የክፍል ማስታወሻውም፣ ለማንም አሳይቶኝ የማያውቀው ግጥሙም እሷ ውስጥ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ፣ ያገለገለች ሆና ነው የመጣችለት።

አንድ ቀን ስክሪኑ መንካት እንቢ አለ። ይዤው መገናኛ አካባቢ ወዳለ ጥገና ቤት ሄድን። ጠጋኙ ወጣት ልጅ ነው። መሣሪያዋን አገላብጦ አያትና «ጋሼ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለ። ወዳጄ በትዕግሥት አስረዳው። ልጁ ፈታት፤ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ቀና ብሎ «ታቹ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ አለቀላት ነበር፤ የዚህ ታች ከየት ይመጣል? ደግነቱ ፍላቱ ነው የለቀቀው» አለ። አጸዳው፣ መልሶ ገጠመው፣ ሠራች። «800 ብር» አለ።

እኔ በዚህ ጊዜ ጥሩ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ወደ ልጁ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ «እንደምታየው ዓይነ ስውር ነው፤ እስቲ አስተያየት አድርግለት» አልኩት። ልጁ እንደማፈር ብሎ «እሺ በቃ፣ 300 ይሁን» አለ።

«ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ምን ሆነ?» አለ ወዳጄ ከኋላዬ። 800 ብሩን ቆጥሮ ለልጁ ሰጠው፣ አመሰገነው፣ ወጣን። እስከ ታክሲው ድረስ አልተናገረም። ከዚያ «ዓይኔን ሸጥከው» አለኝ። «ለዚያውም በ500 ብር።»

ልረዳህ ብዬ ነው አልኩት። «ልትረዳኝ ስትፈልግ መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ። ልጁ ሠርቷል፤ የሠራበትን እከፍላለሁ። ከዚያ በላይ ቢጠይቀኝ እሱ ቀማኛ ነው። ከዚያ በታች ቢቀበለኝ ግን እኔ ለማኝ ሆንኩ ማለት ነው።»

ሰው ሲሸነፍ እልህ ይይዘዋል። እኔም «ታዲያ ይቺን መሣሪያ በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጡትስ? እነሱ አልቀሙህም?» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «እሱን አንተ አስብልኝ። ጸሐፊው አንተ አይደለህ?» አለ። ይኸው እያሰብኩ ነው።

መጀመሪያ ሻጩን በቅንነት ልስማው ብዬ ተነሣሁ። ለምሳሌ ሂውማንዌር የተባለው ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ብሬይልኖት ተች የሚባል መሣሪያ አወጣ። ታች ስክሪን ያለው፣ በአንድሮይድ የሚሠራ፣ የወዳጄን መሣሪያ የሚመስል ነው። ባለ 32 ፊደሉ ሲወጣ ዋጋው ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። በዚያው ዓመት ተራ ታብሌት በጥቂት መቶ ዶላር ይገኝ ነበር። ልዩነቱን ስታይ መጀመሪያ የሚመጣብህ ቁጣ ነው።

ቁጣው በረድ ሲል ግን ሒሳቡ ይታያል። እያንዳንዷ የብሬይል ፊደል ቦታ ስምንት ነጥብ አላት፤ እያንዳንዷን ነጥብ ከፍና ዝቅ የሚያደርጋት ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚተጣጠፍ ቀጭን ዘንግ ነው። 32 ፊደል ማለት 256 የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ማለት ነው። ሁሉም በቀን ሺህ ጊዜ ተነሥተው ተኝተው አንዷም ሳትሳሳት መሥራት አለባቸው። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ደሞዝ ይፈልጋል። ለተራው ታብሌት ይህ ዓይነቱ ወጪ ለብዙ ሚሊዮን ገዢ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ላይ የሚደርሰው የሳንቲም ያህል ነው። ለዚህኛው የሚከፋፈለው ለጥቂቶች ነው። ድግሱ ያው ድግስ ሆኖ፣ አዋጪዎቹ አሥር ሰዎች ቢሆኑና ሺህ ቢሆኑ መዋጮው አንድ አይሆንም። ስለዚህ ኩባንያውን ቀማኛ ለማለት አልደፍርም።

ዋጋን በተመለከተ ሰው በደመ ነፍስ የሚያውቀው ነገር አለ። በ1986 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ካነማን፣ ጃክ ኔችና ሪቻርድ ቴለር ካናዳ ውስጥ ለሰዎች በስልክ ጥያቄ አቅርበው ነበር። አንድ ሱቅ የበረዶ አካፋ በ15 ዶላር ሲሸጥ ቆይቶ፣ ትልቅ በረዶ በጣለ ማግስት 20 ቢያደርገው ተገቢ ነው ወይ? ከመቶ 82ቱ አይደለም አሉ። ወጪ ጨምሮበት ዋጋ የሚጨምር ነጋዴን ግን ሰው ብዙም አይቃወምም። ማለትም የሚያናድደን የዋጋው ከፍታ ብቻ አይደለም። የሚያናድደን የእኛን መቸገር አይቶ መጨመሩ ነው።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ ይህንኑ በሌላ መንገድ አስቦታል። ሻጩ ዕቃውን በመስጠቱ የሚጎዳ ከሆነ ጉዳቱን በዋጋው ላይ ቢጨምር ያስኬዳል ይላል። ዕቃው ለገዢው እጅግ ስለጠቀመ ብቻ ግን ዋጋ መጨመር የለበትም፤ ጥቅሙ የመጣው ከገዢው ሁኔታ ነውና፣ የእሱ ያልሆነውን ሊሸጥ አይችልም። ይህን ሳሰላስል የወዳጄ ቃል ትዝ አለኝ፤ «ዓይኔን ሸጥከው።» የበረዶ አካፋው ሻጭ የገዢውን ችግር ሸጠ፤ ዋጋ ለማስጨመር። እኔም የወዳጄን ዓይን ሸጥኩ፤ ዋጋ ለማስቀነስ። አቅጣጫው ተለያየ እንጂ ሁለታችንም የሸጥነው የእኛ ያልሆነውን ነው።

እስከዚህ ድረስ መንገዱ ቀና ነበር። ወጪን ማስከፈል ይቻላል፤ ችግርን ማስከፈል አይቻልም። ግን እዚህ ላይ ብቆም ለወዳጄ ምንም አልመለስኩለትም። ምክንያቱም በዚህ ሚዛን የ5 ሺህ ዶላሩ መሣሪያ ዋጋው ተገቢ ሊሆን ነው፤ ወዳጄና መሰሎቹ ደግሞ ተገቢ በሆነ ዋጋ ከደጅ ሊቀሩ ነው። አንድም ሰው ሳይበድል በደል ሊኖር ይችላል ወይ?

መልሱን ያገኘሁት ከተራው ስልክ ነው። አይፎን በ2007 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ለዓይነ ስውራን አስደንጋጭ ነበር፤ የሚዳሰስ ቁልፍ የሌለው ልሙጥ መስታወት ማን ሊጠቀምበት? በዚያን ዘመን ዓይነ ስውር ስልክ ከገዛ በኋላ፣ ስልኩ ጽሑፉን እንዲያነብለት ሌላ ፕሮግራም በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ለብቻው ይገዛ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ግን አይፎን 3ጂኤስ ቮይስኦቨር የተባለውን አንባቢ ከውስጡ ይዞ ወጣ። ጣትህን በመስታወቱ ላይ ስታንሸራትት ከጣትህ ሥር ያለውን ይነግርሃል፤ ሁለቴ መታ ስታደርግ ይከፍትልሃል። የተለየ ስልክ አልነበረም፣ የተለየ ዋጋም አልነበረውም። ጎግልም በዚያው ዓመት ቶክባክን በአንድሮይድ ላይ አመጣ። ይህንን የሠሩት መሐንዲሶች ደሞዝ በልተዋል፤ ወጪው አልጠፋም። የጠፋው «ይህ ወጪ የዓይነ ስውራን ነው» የሚለው አከፋፈል ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ እኛ የማንጠቀምበትን ለምን እንከፍላለን?» የሚል ይኖራል። እኔም ብዬው ነበር፤ ወዳጄ ዘንድ ተመልሼ ይህንኑ ስነግረው ሳቀብኝ። ስልኩን ከኪሱ አወጣና «ይሄ ስንት ካሜራ አለው?» አለኝ። ሦስት አልኩት። «ስክሪኑስ፣ ቀለሙ ያምራል?» በጣም አልኩት። «ከፍዬበታለሁ» አለኝ።

ይህ ጨርሶ አስቤው የማላውቅ ነገር ነበር። ወዳጄ ስልክ በገዛ ቁጥር ለደማቁ ስክሪን፣ ለካሜራው፣ ለብርሃኑ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። የእኔን ዓይን ለዓመታት ሲደጉም ኖሯል። እኔ ደጓሚ፣ እሱ ተደጓሚ የመሰለኝ ሒሳቡን ከመሀሉ ስለጀመርኩ ነው። ለዓይናማ የሚደረገው ወጪ «ስልክ» ይባላል፤ ለዓይነ ስውር የሚደረገው «ተጨማሪ» ይባላል። አድልዎው ከዋጋው በፊት፣ እዚያ ስም አሰጣጡ ላይ ነው ያለው።

ዕድራችንን አስቡት። በየወሩ እናዋጣለን። ድንኳኑ የሁሉም ነው፤ ሐዘን የደረሰበትን ሰው የድንኳኑን ዋጋ ዛሬ ክፈል የሚለው የለም። ሐዘንተኛውም ምጽዋት ተቀበልኩ ብሎ አንገቱን አይደፋም፤ ሲያዋጣ ኖሯላ። ዘንድሮ ለእሱ ተተከለ፣ ከርሞ ለማን እንደሚተከል አይታወቅም። ታች ስክሪንን በሚነገር ስክሪን መሥራትም እንዲህ ያለ ነው። ደግሞስ ዓይን ለዘላለም ተሰጠ ያለው ማነው?

ይህ ሒሳብ የማይደርስበት ቦታ እንዳለም አምናለሁ። ንክኪውንና ንግግሩን ለሁሉም ስልክ ማከፋፈል ተችሏል። እነዚያን 256 ነጥቦች ግን በእያንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ መትከል አይቻልም። ድምፅ ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ ፊደል አጻጻፍ፣ ሒሳብ፣ ግጥም በጣት መነበብ ይፈልጋሉ። ወዳጄ «እየሰማሁ ማንበብና እያነበብኩ ማንበብ አንድ አይደለም» ይላል። እንዲህ ላለው ነገር የአዋጪውን ቁጥር ማብዛት ያለበት ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1879 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መማሪያ የሚሆን ገንዘብ ከመንግሥት የሚመደብበት ሕግ አለ። በኋላ ደግሞ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ድርጅቶች ተባብረው ርካሽ የብሬይል ማንበቢያ እንዲሠራ ገፉ፤ ባለ 20 ፊደሉ ኦርቢት ሪደር ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው ከ500 ዶላር በታች ነበር። ታች ስክሪን የለውም፤ አንዳንድ ነገርም ይጎድለዋል። ግን «ከዚህ በታች አይቻልም» ይባል የነበረው ዋጋ የተፈጥሮ ሕግ እንዳልነበረ አሳይቷል።

ስለዚህ ለወዳጄ የማቀርብለት መልስ ይህ ነው። መሣሪያህን የሠሩት ወጪያቸውን ካስከፈሉህ አልቀሙህም። መቸገርህን ካስከፈሉህ ቀምተውሃል፤ ይህንን ለማወቅም የዋጋውን አመጣጥ ሊያሳዩህ፣ መለዋወጫውንም ልጁ በሚያገኘው ቦታ ሊያኖሩት ይገባል። ከሁሉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ወጪው ለስንት ሰው ይከፋፈል ብሎ የወሰነው ማነው? አንተን ለብቻህ ያስቀመጠው ያ ውሳኔ የኩባንያው ብቻ አይደለም። የመንግሥትም ነው፣ ዕቃ የምንገዛና የምናስገዛ የእኛም ነው። ተገቢ ዋጋ ማለት ገዢው ከሁሉም ጋር እኩል ተቆጥሮ፣ እንደ ሁሉም ከፍሎ የሚወጣበት ዋጋ ነው።

ይህንን ጽፌ አነበብኩለት። ሲያዳምጥ ጣቱን በጠረጴዛው ላይ እንደሚጽፍ ሰው ያንቀሳቅስ ነበር። ስጨርስ «ደህና ነው። ግን ያቺን 500 ብር ረሳሃት» አለኝ። አልረሳኋትም። በማግስቱ ወደ ጥገና ቤቱ ሄጄ ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የእጁን ዋጋ በሰው ዓይን ልቀንስበት ሞክሬ ነበርና። ልጁ ግራ ገባው፤ ሳቀም። ከዚያ «ጋሼ፣ ያቺ መሣሪያ ትሠራለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ትሠራለች አልኩት። «ብትበላሽ አምጧት፤ አሁን ውስጧን አውቄዋለሁ» አለ። «800 ነው ታዲያ።»

ለወዳጄ ነገርኩት። ደስ አለው።