ባለቤት ዳኛ ይሆናልን?

የቮልስ ባለቤት ስለ መኪናው ሲጠየቅ የሚመልሰውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ይጮሃል ብትሉት «ሞተሩ ሲተነፍስ ነው» ይላል። ጠባብ ነው ብትሉት «ለማቆም ይመቻል» ይላል። ዳገት ላይ ያዘግማል ብትሉትማ «እናንተን ማን አስቸኰላችሁ?» ይላችኋል። ያው ጉድለት በጎረቤቱ መኪና ላይ ቢታይ ጉድለት ነው፤ በራሱ ላይ ሲሆን ግን «አመል» ይባላል። ለመሆኑ ንብረት ዓይንን ያበራል ወይስ ይጋርዳል?

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ! እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት፣ አዲስ መኪና የገዙ ሰዎች ሊገዙ አስበው ከተዉአቸው መኪናዎች ይልቅ የገዙትን መኪና ማስታወቂያ አብዝተው እንደሚያነቡ አሳይቷል። ልብ በሉ፤ ገንዘቡ ተከፍሎ አልቋል እኮ! ሰው ከከፈለ በኋላም «ደግ አደረግህ» የሚለው ይሻል ማለት ነው።

ታዲያ ባለቤቱ ዝም ይበል እንበል? አይሆንም። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ መሆኑን፣ በውኃ ሳይሆን በአየር መቀዝቀዙን ማንም አንብቦ ያውቃል። የትኛው ድምፅ የጤና፣ የትኛው የሕመም እንደሆነ የሚለየው ግን እጁ ግራሶ የነካው ነው። የመጨረሻው ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ከተሠራ ወዲህ፣ የቀሩትን በመንገድ ላይ ያቆየውም ይኸው ፍቅር ነው። ደግሞስ እኛ እግረኞቹ ነጻ ዳኞች ነን ያለው ማነው? የማይደርሱበትን ማጣጣልም ከእጦት የሚመነጭ ፍርድ ነው።

እንግዲህ ምስክርና ዳኛ ይለዩ እንላለን። ባለቤት ያየውን ይመስክር፤ ፍርዱን ግን ብቻውን አይስጥ። ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለምና። ወንድሙ መኪናውን ተውሶ፣ ልጆቹን ጭኖ ሩቅ አገር ሊሄድ ሲል «ፍሬኑ ይይዛል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «ትንሽ አመል አለው እንጂ ደህና ነው» የምትለዋ መልስ ነፍስ ታስከፍላለች። እዚህ ላይ አመል የሚባል ነገር የለም፤ ጉድለት በስሙ ይጠራ።

መውደድ ነውር አይደለም። የሚወድ ሰው ጉድለቱን አውቆ ይጠግናል እንጂ አይሸፋፍንም። ስለዚህ ባለመኪናን «ጥሩ ነው ወይ?» ብለን አንጠይቀው። «ባለፈው ዓመት ምን ምን አስጠገንክ?» እንበለው። ያኔ እውነቱን ከራሱ አፍ እንሰማለን።