ሰው ሆኖ ለመቅረት 45 ቀን

አየር ጤና፣ የአክስቴ ልጅ ቤት፣ አንድ ቅዳሜ ማታ አምስት ሆነን አንድ ፊልም አየን። የግሪኩ ዳይሬክተር ዮርጎስ ላንቲሞስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ዘ ሎብስተር» ነው፤ በዚያው ዓመት ካን ላይ የዳኞችን ሽልማት ወስዷል። ከፊልሙ ይልቅ በልቤ የቀረው የአምስታችን ሁኔታ ነው። የአክስቴ ልጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳቀ። ሚስቱ ስቃ ስቃ መሀል ላይ ዝም አለች። ጓደኛችን ከሁላችንም አብልጦ ሳቀና በኋላ ተነሥቶ ወጣ። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ ግን አንድ ጊዜም ሳይስቁ እስከ መጨረሻው አዩ። የጣዕም ጉዳይ ነው ብዬ ልተወው ሞከርሁ፤ እሱ አልተወኝም።

የፊልሙ ነገር እንዲህ ነው። ትዳሩ የፈረሰበት፣ የትዳር ጓደኛው የሞተችበት ወይም ከናካቴው ያላገባ ሰው ሁሉ ባሕር ዳርቻ ላይ ወዳለ ሆቴል ይወሰዳል። 45 ቀን ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አቻውን ካላገኘ ራሱ ወደ መረጠው እንስሳ ይለወጣል። ኮሊን ፋረል የሚጫወተው ዴቪድ ሎብስተር መሆንን ይመርጣል፤ ትልልቅ መቆንጠጫ ያለው የባሕር እንስሳ ነው። ለምን ሲሉት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራል፣ ደሙ እንደ መሳፍንት ደም ሰማያዊ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ይራባል ይላል። አቻ የሚገኘው ደግሞ በምልክት ነው። የሚያነክስ የምታነክስ ይፈልጋል፤ ነስር ያለባት ነስር ያለበትን። ይህን ሁሉ የሚናገሩት ፊታቸው ሳይፈታ፣ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም ሳይል ነው።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦንሪ በርግሰን እ.ኤ.አ. በ1900 ስለ ሳቅ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሰው የሚያስቀን ሕያው መሆኑን ረስቶ እንደ ማሽን ሲንቀሳቀስ ነው ይላል። ለመሳቅ ደግሞ ልብ ለጊዜው መደንዘዝ አለበት፤ ያዘንንለት ሰው ላይ መሳቅ ይከብዳልና። ላንቲሞስ ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ይመስለኛል። ተዋናዮቹ ስሜታቸውን የሚደብቁት እኛ እንድንደነዝዝ ነው። የፊታቸው ድርቀት የሳቅ ፈቃድ ነው፤ እነሱ ካልከፋቸው እኔ ለምን ይከፋኛል እንድንል ያደርገናል።

እዚያ ቤት ግን አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። እትዬ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ የአክስቴ ልጅ ጮክ ብሎ ይተረጉምላቸው ነበር። ሰው ሲተርክ ደግሞ ድምፁ ዝም ብሎ አይቆይም፤ «ወይኔ፣ አሁን ሊይዟቸው ነው» ይላል፣ ያዝናል፣ ይደነግጣል። እትዬ የሰሙት ያንን ደረቅ ድምፅ ሳይሆን ተረት ነው። የሳቅ ፈቃዱ ለእሳቸው አልደረሳቸውም። የደረሳቸው ፍሬ ነገሩ ብቻ ነው፦ ያላገባ ሰው ሰው መሆኑ ያበቃል።

ይህ ፍሬ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «አግባና ሰው ሁን» የሚለውን ያልሰማ ወንድ የለም። «ትዳር ይዛ ሰው ሆነች» ሲባልም ማንም አይገርመውም። ቃሉን በቁሙ ብንወስደው ያላገባው ገና ሰው አልሆነም ማለት ነው፤ የላንቲሞስ ሆቴል ያደረገው ይህንኑ በቁሙ መውሰድ ነው። ጊዜው ያለፈባትን ሴት «ቆሞ ቀር» እንላታለን፤ ሌላው ሁሉ ሲሄድ እንደ ግንድ ባለችበት የቀረች። ያለ ባል የምትኖር ሴት ስም የነበረው «ጋለሞታ» ዛሬ ስድብ ሆኗል። ሰውን ወደ እንስሳ ለመለወጥ የግድ ማሽን አያስፈልግም፣ ቃል ይበቃል። ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ ያወራ አገር ልጁን ለእነዚህ ሰዎች አይድርም ነበር። ከጅብነቱ ወሬ በስተኋላ የጋብቻ ክልከላ አለ።

ጓደኛችን 40 ሊሞላው ነው፤ አላገባም። በየበዓሉ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ «ዘንድሮስ?» ይሉታል። እናቱ «ወግ ማዕረግህን ሳላይ ልሙት?» እያሉ ያለቅሳሉ፤ እውነተኛ እንባ ነው፣ ልጃቸውን ይወዱታል። ዴቪድ ሆቴሉ ገብቶ 45 ቀን ሲነገረው ያ ሁሉ ሳቅ ከጓደኛችን የወጣው ለዚህ ይመስለኛል፤ የሚያውቀውን ነገር ሌላ ሰው ላይ ሲያየው ቀለለለት። የዴቪድ ወንድም ወደ ውሻነት ተለውጦ ከዴቪድ ጋር ይኖራል። ርኅራኄ የሌላት ሴት ያንን ውሻ የገደለችው ጊዜ ግን ጓደኛችን ተነሥቶ ወጣ። በረንዳው ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ያቺ ሴት የገደለችው ያላገባውን ወንድም ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ፊልሙ ውስጥ ከተማዋ ላይ ብቻውን የተገኘን ሰው ፖሊስ የጥንድነት ወረቀት ይጠይቀዋል። የአክስቴ ልጅ ሚስት እዚህ ላይ «ያላገባ ማስረጃ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ያሳዘነኝ ልክ ስለነበረች ነው፤ አንድ ሰሞን ለዚያ ወረቀት ተመላልሳለች። እኛ ዘንድ ቤት ለመሸጥ የሚሄድ ሰው ያገባ ወይም ያላገባ መሆኑን በወረቀት ያሳያል። ነገር ግን ሁለቱን አንድ ማድረግ አልፈልግም። የእኛ ወረቀት የሚጠየቀው ባል ሚስቱ ሳታውቅ የጋራ ቤታቸውን እንዳይሸጥ ነው፤ ስንት ሴት ከጎዳና አድኗል። ወረቀቱ ክፉ የሚሆነው ሰውየው ምን አለው ከማለት አልፎ ሰውየው ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ ነው።

አሁን ወደ ምልክቱ ልመለስ፤ ለእኔ የፊልሙ እውነተኛ ጥያቄ እሱ ነውና። ሁለት ሰዎችን የሚያጣምረው መመሳሰል ነው?

አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ሁለት እግር አለው። ዘር መራቅ አለበት፤ በደም እስከ ሰባት ቤት መቆጠር ነበረበት። ደረጃ ግን መቀራረብ አለበት፤ ሙሽራው «እኩያ» ይሁን ይባላል። በ1958 የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የዚህን እኩያ ፍለጋ ዋጋ አሳይቶናል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን አጥንት እየፈለጉ፣ የመጣውን ሁሉ እየመለሱ፣ ልጅቱ በአባቷ ቤት ሳታገባ ዕድሜዋ ገፋ። ዴቪድ ሎብስተርን ለሰማያዊ ደሙ ሲመርጥ የታወሱኝ እሳቸው ናቸው። የፊታውራሪ ምልክት አጥንት ነው፣ የሆቴሉ ምልክት ማነከስና ነስር ነው። ሁለቱም ሰውን ከመገናኘቱ በፊት ይመዝኑታል።

ከአየር ጤና ወደ መሀል ከተማ ሲኬድ ዘነበወርቅ ይገኛል። እዚያ ያለው አለርት ሆስፒታል ሥሩ በ1920ዎቹ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ በ1958 ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ሆነ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ የተባረሩ ሰዎች ለሕክምና ይመጡና ሲድኑም የሚመለሱበት ስለሌላቸው ዙሪያውን ሰፈሩ። በመንደራቸው ማንም የማያገባቸው ሰዎች እዚህ እርስ በርስ ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ዕድርም አቆሙ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው ሥጋ ደዌ ያለበት መሆኑን ሳያውቅ ያገባ ሰው ጋብቻውን በስሕተት ምክንያት እንዲያስፈርስ ይፈቅድ ነበር። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የበሽታውን ስም ከዚያ አወጣው። ያንን የድሮ ሕግ ሳስብ ሆቴሉ ከእኛ ሰፈር ያን ያህል ሩቅ አይመስለኝም።

እንግዲህ ምልክት ሰውን ሊያጣምር ይችላል ማለት ነው? ዘነበወርቅ ላይ አጣምሯል። ነገር ግን ያጣመራቸው በሽታው አይመስለኝም። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቁስል ስላላቸው ብቻ አይዋደዱም፤ ከአንድ በር ውጭ የተጣሉ ሰዎች ግን ሌሊቱን አብረው ማሳለፍ አለባቸው፣ እሳት ማንደድ አለባቸው፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው መጠበቅ አለበት። ፍቅሩ ከዚያ ሥራ ይመጣል። ሆቴሉ ምልክቱን አየ እንጂ ሥራውን አላየም፤ ለዚህም ነው ያጣመራቸው ጥንዶች ሲጣሉ ልጅ የሚመድብላቸው።

ይህን ሐሳብ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ፊልሙ መጀመሪያ ገደማ ላይ አንድ ሰው ክልክል ነገር አድርጎ ስለተያዘ ሁሉ በሚያይበት የምግብ አዳራሽ እጁን ዳቦ መጥበሻ ማሽን ውስጥ ከተው ያቃጥሉታል። የአክስቴ ልጅ በዚህም ሳቀ። እትዬ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። በኋላ፣ ሁለተኛው ቡና ላይ፣ ነገሩን ነገሩን።

አባታቸው የዘነበወርቅ ሰው ነበሩ። ሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ እጅ ይደነዝዛል፤ እሳት ቢነካው አያውቅም። የጥምር መድኃኒቱ ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ ነው፣ ዛሬ ከ6 እስከ 12 ወር ይፈጃል፤ እሳቸው የታመሙት ከዚያ በፊት ነው። «አባቴ ጀበና ሲያነሣ ቆዳው ሲጠበስ ከሽታው የምናውቀው እኛ ነበርን፣ እሱ አይሰማውም» አሉ እትዬ። «እናቴ ጤነኛ ነበረች። ዘመዶቿ ተይው ቢሏት ተከትላው መጣች። ምንም ትኩስ ነገር ከእሷ በፊት እንዲነካ አትፈቅድም ነበር። መጀመሪያ እሷ ትነካዋለች፣ ከዚያ ትሰጠዋለች። ኋላ ዓይኑም ደከመ። ቤተ ክርስቲያን ስትወስደው ነጠላዋን ጫፉን ታስይዘዋለች።»

ማናችንም አልተናገርንም። በርግሰን ለመሳቅ ልብ መደንዘዝ አለበት ሲል፣ ድንዛዜ በሥጋ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ አልነበረም።

የጫካው ክፍል ለብዙ ተመልካች ይረዝማል፤ ለእኛም ረዘመ። ከሆቴሉ ያመለጡት ብቸኞች ሕጉን ገልብጠው ይኖራሉ፦ መዋደድ ክልክል ነው፣ እያንዳንዱ የራሱን መቃብር ይቆፍራል። ዴቪድ እዚያ እንደሱ ሩቅ ማየት የማትችል ሴት ያፈቅራል። የብቸኞቹ መሪ ይህን ስታውቅ ሴቲቱን በማታለል ዓይኗን ታሳውራታለች። ዴቪድ ይጨነቃል፤ የጋራ ምልክታቸው ጠፋ። ሌላ ምልክት ይፈልጋል፣ አያገኝም። በመጨረሻ ወደ ከተማ ይሸሻሉ፣ አንድ ምግብ ቤት ይገባሉ፣ እሱ ቢላ ተቀብሎ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዳል። እሷን ለመምሰል የራሱን ዓይን ሊያጠፋ ነው። መስታወቱ ፊት ቆሞ ቢላውን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል። ከዚያ ካሜራው ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል፤ ሴቲቱ መስኮቱ አጠገብ ብቻዋን ተቀምጣ ትጠብቃለች። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

ክርክሩ ወዲያው ተነሣ። አደረገው? አላደረገውም? የአክስቴ ልጅ አድርጎታል አለ፤ ፍቅር መሥዋዕት ነው። ሚስቱ ሸሽቷል አለች፤ «ወንድ ልጅ ዓይኑን አያጠፋም፣ በጓሮ በር ነው የሚወጣው።» ከበረንዳ የተመለሰው ጓደኛችን ሁለቱንም ይሰማ ነበር። እኔም አንዱን ወገን ልይዝ አፌን ከፍቼ ነበር። ይህን ጥያቄ ስንጠይቅ የሆቴሉን ሕግ ሳናውቀው መቀበላችን የገባኝ በኋላ ነው፦ ካልመሰላት ሊወዳት አይችልም ብለን ጀምረናል። ሁለት ሰዓት ያህል ስንስቅበት የነበረው ሕግ እኛ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

እትዬ ስኒያቸውን አስቀምጠው የጠቆረውን ስክሪን ያያሉ። የአክስቴ ልጅ ስሞቹ የሚወርዱ መስሎት ሊያጠፋው ሲነሣ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

«ልጅቷንስ» አሉ፣ «ማን ቤቷ አደረሳት?»