ስለ ትዕግሥት፤ የበለዓም አህያና የዘመናችን ሠረገላ



ከሶዶ ወደ ገሱባ ለንግሥ በዓል ስንጓዝ፥ የተሳፈርንበት መኪና ጎማ በመንገድ መካከል ፈነዳ። ነጂው ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ፤ መኪናውን ረገመ፤ ጎማውን የሸጠለትን ነጋዴ ረገመ፤ በመጨረሻም ዘወር ብሎ «ዛሬ ምን ዓይነት ገደ ቢስ ጫንሁ?» ባለ ጊዜ፥ የሁላችንም ዓይን በኋለኛው ወንበር ወደ ተቀመጡት አንዲት አሮጊት አዘነበለ። ሴትዮዋ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ማሰሮዎቻቸውን በገለባ ጠቅልለው ወደ ገበያ ይወስዱ ነበር። ሸክላ ሠሪ በሀገራችን በየስፍራው በምን ዓይን እንደሚታይ የታወቀ ስለ ሆነ አላብራራውም። እኔም መስቀል የያዝሁ ቄስ ስሆን ዝም አልሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ዝምታዬ ነው።

ዕድል የሚለው ቃል ዐደለ፥ ከፈለ ከሚለው ግሥ የሚወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ክፍል፥ ድርሻ ማለት ነው። ድርሻ ካለ አዳይ አለ። ስለዚህ «ዕድሌ ጠማማ ነው» የሚል ሰው ሳያስተውለው በአዳዩ ላይ ክስ ያቀርባል፤ «እገሌ ገደ ቢስ ነው» የሚል ደግሞ የአዳዩን ሥልጣን ለፍጡር ይሰጣል። የኋለኛው ከፊተኛው ይከፋል። ኢዮብ በመከራው ጊዜ ክርክሩን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፥ መልስም አገኘ፤ ጎረቤቱን ገደ ቢስ የሚል ግን መልስ አያገኝም፥ ንጹሑን ሰው ይጎዳል እንጂ። ይህን ስል እግዚአብሔር በየመንገዱ ሚስማር ይተክላል ማለቴ አይደለም። ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 9 እንዳስተማረው፥ ፈጣን ሁሉ ቀዳሚ አይሆንም፤ ጊዜና አጋጣሚ ሁሉን ያገኘዋል። ደግሞም እውነቱን ለመናገር የዚያ መኪና ጎማ አርጅቶ ተልጦ ነበር።

በሠረገላ መሽቀዳደም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 9 ጠባቂው የናሜሲን ልጅ ኢዩን ከሩቅ ያወቀው በአነዳዱ ችኮላ ነው። የሰው ጠባይ በመሪው ላይ ይገለጣልና። በዘመናችንም በመኪና እሽቅድምድም የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ወጣቶቻችን በቴሌቪዥን ይመለከቷቸዋል፤ እኛም ከመንቀፋችን አስቀድሞ ብናጠናቸው አይጎዳንም። ብራዚላዊው አይርተን ሴና በ1980 ዓ.ም. በሞናኮ ሁሉን በሩቅ እየመራ ሳለ፥ ሊፈጸም ጥቂት ዙር ሲቀረው፥ ሐሳቡ ተበትኖ ከአጥሩ ጋር ተጋጨ። ማንንም አልሰደበም፤ ወደ ጓደኞቹም አልተመለሰም፤ በዚያው ከተማ ወዳለው ቤቱ በእግሩ ሄዶ ተዘጋ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ እግዚአብሔር ይበልጥ እንደ ቀረበ ራሱ ተናግሯል። ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ ደግሞ በ1968 ዓ.ም. በጀርመን አገር በእሳት ተቃጥሎ፥ ቄስ ተጠርቶ የሞት ጸሎት ከተደረገለት በኋላ፥ በስድስት ሳምንት ፋሻው ሳይፈታ ተመልሶ ተወዳደረ፤ አራተኛም ወጣ። ይህ ብርታት ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው። በጃፓን በመጨረሻው ውድድር ዝናም በበረታ ጊዜ አደጋው ከልክ አለፈ ብሎ በፈቃዱ ወረደ፤ በአንድ ነጥብም የዓለምን ሻምፒዮንነት አጣ። ትዕግሥት ሁልጊዜ መግፋት ብቻ አይደለም፤ መተውም ትዕግሥት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በእነዚህ ሰዎች ዘንድ በቍጣ የሚነዳ ሰው ፍጥነት አያገኝም። ያለፈውን ጠመዝማዛ እያሰበ የሚመጣውን በደኅና የሚዞር የለምና። እኛ ካህናትስ? ዲያቆኑ ንባብ ሲስት በቅዳሴ መካከል ፊታችንን የምናጠቍር፥ ከበሮ መቺው ሲያፋልስ ጸናጽሉን የምናንጓጓ ጥቂቶች አይደለንም።

በለዓምን እንመልከት (ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22)። አህያይቱ ሦስት ጊዜ ከመንገድ ራቀች፤ አንድ ጊዜ ወደ እርሻ ገባች፥ አንድ ጊዜ እግሩን ከግድግዳ ጋር አጣበቀች፥ በመጨረሻም ከበታቹ ተኛች። እርሱም ሦስት ጊዜ መታት። ነቢይ ነኝ የሚለው ሰው ያላየውን፥ ሰይፉን የመዘዘውን መልአክ፥ እንስሳይቱ አይታ ነበር። ዓይኑ በተከፈተለት ጊዜ የተማረው እንቅፋት ያላት እርሷ ከሞት ያዳነችው መሆኗን ነው። የተቈጣ ሰው የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ በቅርቡ ያለውንና አፍ የሌለውን ነው፤ አህያን፥ ጎማን፥ ማሰሮ የያዙ አሮጊትን።

ከሀገራችን ምሳሌ ብንሻ ሻምበል አበበ ቢቂላ አለ። በ1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ደገመው። በ1961 ዓ.ም. ግን በሜክሲኮ እግሩን ታምሞ ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ አቋረጠ፤ ድሉን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወሰደ። በዚያው ዓመት በመጋቢት የሚነዳት መኪና ተገልብጣ፥ ዓለምን ያስደነቁት እግሮቹ ከዚያ ወዲያ አልታዘዙትም። ሰዎች ሲጠይቁት የተናገረው ቃል ሐሳቡ ይህ ነው፤ ድሉ በእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ሆነ አደጋውም በእርሱ ፈቃድ ሆነ፤ ያንን እንደ ተቀበልሁ ይህንንም እቀበላለሁ። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦም በእንግሊዝ አገር በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ቀስት ወረወረ። በ1966 ዓ.ም. ዐረፈ። ገደ ቢስ ብሎ የሰየመው ሰው አልነበረም።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። ነጂው ሲራገም ሳለ አሮጊቷ ከመኪናው ወረዱ፤ ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንሥተው፥ መኪናው እንዳይንሸራተት ከኋላው ጎማ ሥር አስገቡ። «በል፥ ልጄ፥ አሁን ፍታው» አሉት። ወደ እኔም ቀና ብለው «አባ፥ ማሰሮዬን ይያዙልኝ» አሉኝ፤ ጎማው ተቀይሮ እስኪያበቃም ድረስ ማሰሮውን ታቅፌ ቆምሁ።