የጮኸ ሁሉ ዘበኛ አይደለም

ልጄ፣ ሀርጌሳ የመተማመን ከተማ ናት። ገንዘብ መንዛሪዎቹ የሽልንግ እስሩን መንገድ ዳር ከምረው፣ ያለ ጠመንጃ ተቀምጠው ይውላሉ። ጫት ሻጯም ቲማቲም ሻጯም የምትቀበልህ በሞባይል ገንዘቡ፣ በዛድ ነው፤ ቁጥሯን ትነግርሃለች፣ ትልክላታለህ፣ ትሄዳለህ። እዚህ ጥቂት ዓመት የኖረ ሰው መጠርጠር ይረሳል። ይህ መተማመን ግን ባዶ ሜዳ ላይ የቆመ አይደለም። ያጠፋ ሰው ጎሳው ይታወቃል፤ ሽማግሌ ይላክበታል፤ ካሳ ይጠየቃል። ማታ ቤት ገብተህ ላፕቶፕህን ስትከፍት የምትቀመጠው ግን ሌላ ገበያ ላይ ነው። የዚያን ገበያ ሰው ማን ልኮ ያስጠይቀዋል? ስለዚህ የአባቶችህን ቃል ይዘህ ግባ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ኳስ ወይም ፊልም በነፃ ልታይ አንድ ገጽ ትከፍታለህ። ድንገት ስክሪኑ በሙሉ ይቀላል፣ ይጮኻል። የማይክሮሶፍትን ወይም የማካፊን ዓርማ ለብሶ «ኮምፒዩተርህ በቫይረስ ተይዟል፤ እንዳታጠፋው፤ አሁኑኑ በዚህ ቁጥር ደውል» ይልሃል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይህም ያው ጅብ ነው። አንድ ነገር ልብ በል። ድረ ገጽ በመከፈቱ ብቻ የኮምፒዩተርህን ፋይል አንድ በአንድ ሊመረምር አይችልም። «እየመረመርኩ ነው» እያለ የሚሮጠው መስመር አስቀድሞ የተሳለ ሥዕል ነው፤ ለአንተም ለጎረቤትህም ያንኑ ውጤት ያሳያል። ማይክሮሶፍት በማስጠንቀቂያ መልእክቶቹ ላይ የስልክ ቁጥር እንደማያስቀምጥ ራሱ ተናግሯል። ስልክ ቁጥር ካየህ ሌላ ማስረጃ አትፈልግ፤ ውሸት ነው።

ሰው ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ኢኖቬቲቭ ማርኬቲንግ የተባለውን ድርጅትና ሸሪኮቹን ከሰሰ። ዊንፊክሰርና ኤክስፒ አንቲቫይረስ በሚሉ ስሞች፣ የሌለ ቫይረስ «አገኘን» እያሉ ማጽጃ ይሸጡ ነበር። በ2010 የወንጀል ክስ ሲመሠረት ዐቃቤ ሕግ ጉዳቱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ተጎጂዎቹም ከ60 በሚበልጡ አገሮች ያሉ ናቸው አለ። በ2019 ደግሞ ኦፊስ ዲፖ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ መደብርና ሶፍትዌር ያቀረበለት ድርጅት በተመሳሳይ ጉዳይ ተከሰው 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ደንበኛው «ኮምፒዩተርህ ዘግይቷል? ፖፕ-አፕ ያስቸግርሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። አንዱን «አዎ» ካለ፣ ምርመራው ምንም ያግኝ ምን፣ ውጤቱ «የቫይረስ ምልክት አለ» የሚል ነበር። በ2024ም ሬስቶሮና ሪኢሜጅ የተባሉ ድርጅቶች በሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ሰው አስፈራርተዋል ተብለው 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። እንግዲህ ፍርዱ የሚሰጠው በኮምፒዩተሩ ሳይሆን በሰውየው ፍርሃት ላይ መሆኑን እይ።

«እኔ የባንክ ካርድ የለኝም፣ ከእኔ ምን ይወስዳሉ?» ትል ይሆናል። አሜሪካና ካናዳ ያለው ዘመድህ አለው፤ ደንግጠህ «ካርድህን አበድረኝ» ብትለው እሱንም ይዘኸው ትወድቃለህ። ካርድ ባይገኝም «በርቀት ላስተካክልልህ» ብለው ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር የሚባል ከሩቅ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ያስጭኑሃል፤ ያን ጊዜ የፓስፖርትህ ኮፒ፣ የይለፍ ቃልህና የቤተሰብህ ፎቶ በእጃቸው ነው።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፤ መጀመሪያ እጅህን ሰብስብ። በማስጠንቀቂያው ውስጥ ያለችውን የመዝጊያ ኤክስ እንኳ አትንካ፤ እሷም ወጥመድ ልትሆን ትችላለች። ኢስኬፕን ተጭነህ ያዝ ወይም ኤፍ 11ን ንካ፤ ስክሪኑ ሲለቅህ ብራውዘሩን ዝጋ። እምቢ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ብራውዘሩን ከዚያ ዝጋው። ይህም ካልሆነ የኃይል ቁልፉን ይዘህ አጥፋው። «እንዳታጠፋው» ያሉህ ስታጠፋው ጨዋታቸው ስለሚያልቅ ነው። መልሰህ ስትከፍት ብራውዘሩ የቀደሙትን ገጾች ልመልስ ቢልህ እምቢ በል።

ገጹን ከዘጋህ በኋላም ከስክሪኑ ጥግ ብቅ እያለ የሚነዘንዝህ ማስጠንቀቂያ ካለ ብዙ ጊዜ ቫይረስ አይደለም። አንድ ቀን «ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ አላው በል» ላለህ ገጽ ፈቃድ ሰጥተኸው ነው። በክሮም ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ ግባ። የተፈቀደላቸውን ዝርዝር አይተህ የማታውቀውን ሁሉ ሰርዝ።

ቀጥሎ እውነተኛውን ምርመራ አድርግ። ዊንዶውስ ከስሪት 8 ጀምሮ የራሱን ጸረ ቫይረስ በነፃ ይዞ ይመጣል። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ከፍተህ በኢንተርኔት አዘምነው፤ ከዚያ ሙሉ ምርመራ እዘዝ። ጥርጣሬህ ካልለቀቀህ እዚያው የኦፍላይን ስካን ምርጫ አለ፤ ኮምፒዩተሩ ራሱን አጥፍቶ አስነሥቶ፣ ቫይረሱ ከመንቃቱ በፊት ይፈትሸዋል፤ 15 ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው። ያልጫንከው ፕሮግራም ካየህም አራግፈው።

አስቀድመህ ደውለህ ወይም ፕሮግራም ጭነህ ከነበረ ግን ሌላ ነው። ዋይፋዩን አጥፋ። ከዚያው ኮምፒዩተር ሳይሆን ከሌላ ስልክ ሆነህ የኢሜይልህን የይለፍ ቃል ለውጥ፤ ለሌላው ሁሉ ቁልፉ እሱ ነውና። በቴሌግራም ዲቫይስስ፣ በዋትስአፕ ሊንክድ ዲቫይስስ የሚለውን ከፍተህ የማታውቀውን መሣሪያ አስወጣ። የሞባይል ገንዘብህን፣ የዛድ ወይም የኢ-ደሃብ ምስጢር ቁጥርህን ለሰው ተናግረህ ከሆነ ሳታድር ቀይረህ ለድርጅቱ አሳውቅ፤ የዘመድህን ካርድ ሰጥተህ ከሆነም ዘመድህ ለባንኩ ይደውል። አፍረህ አትደብቅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ይህን ሁሉ ካልኩህ በኋላ፣ እውነተኛው ቫይረስ በየት በር እንደሚገባም ስማ። እዚህ ብዙዎቻችን የምንገዛው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ በላዩ የተጫነው ዊንዶውስ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ የተጫነ ሊሆን ይችላል። ክራክ ማድረጊያው ራሱ ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም ያዘለ ነው፤ ጸረ ቫይረሱን አጥፋና ጫነኝ የሚልህም ለዚህ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ሁለተኛው በር ፍላሽ ነው። ፎቶ ቤትና ፕሪንት ቤት ሰክተኸው ስትመለስ ፎልደሮችህ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ካገኘሃቸው፣ አንዱንም አትክፈት፤ ፎርማት ለማድረግም አትቸኩል። ፋይሎችህ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም። መጀመሪያ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ ፈትሽ፤ ከዚያ በፎልደሩ መስኮት ቪው ውስጥ ሂድን አይተምስ የሚለውን ምልክት ብታደርግበት ልታያቸው ትችላለህ። ሦስተኛው በር እርጅና ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ላፕቶፕህ 11ን የሚችል ከሆነ አሳድገው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የፓስፖርትህን ኮፒ፣ የትምህርት ማስረጃህንና የልጆችህን ፎቶ በሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጠህ፣ ነቅለህ አስቀምጥ። ያ ካለህ ጥገና ቤት ወስደህ ፎርማት ብታስደርገውም የምታጣው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነው።

ሶማሌዎቹ እውቀት ማጣት ብርሃን ማጣት ነው ይላሉ። ያወቅኸውን ለብቻህ አትያዘው። ጅግጅጋና ድሬዳዋ ላሉት ዘመዶችህም ደውለህ ንገራቸው። እናትህም እህትህም ስክሪኑ ሲጮኽባቸው ምንም ሳይነኩ አንተን ይጥሩ፤ አንተም ሳትቆጣ፣ «ምን ነካካችሁ?» ሳትል፣ ተነሥተህ እይላቸው። የተቆጣሃቸው ዕለት በሚቀጥለው ጊዜ የሚደውሉት ስክሪኑ ላይ ወዳለው ቁጥር ነው።